ወደ ላይ የፈሰሰ እንባ

የሰበታው መምህር ወንዳፍራሽ የዕድር ዳኛ የሚያደርጉት፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ በቅናት አንድ ሰው እንኳ የማያማው ሰው ነበር። ጎበና የሚባል ሰው እስኪመጣ ድረስ እሱም ራሱ ቅናት ምን እንደሚመስል አላውቅም ብሎ ይምል ነበር።

ከመንዝ ተነሥቶ ሰበታ የተመደበው ሳይንስ ሊያስተምር ነው። ሩሲያና አሜሪካ ሰው ወደ ሰማይ መላክ ሲጀምሩ ግን ልቡ ከጥቁር ሰሌዳው ሸሸ። የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ሥር ተደፍቶ ይሰማል፤ የሰማውን ቤቱ ገብቶ ታሪክ ያደርገዋል። በ1955 ዓ.ም. ‹ጠፈር› የምትባል መጽሔት ለማውጣት ቆረጠ፤ ስለ ሌሎች ዓለማትና ገና ስላልመጣ ዘመን ልብ ወለድ ብቻ የምታትም መጽሔት። ፈቃድ ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ጽሑፉን የሚመረምረው ሹም መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው።

«እዚህ ጨረቃ ላይ ያለው መንግሥት የማን ነው?»

«የማንም አይደለም ጌታዬ። ሰው የለበትም።»

«ሰው ከሌለበት ታዲያ ለምን ተጻፈ?» አለና፣ እየገረመው ማኅተሙን መታለት።

በመጀመሪያዎቹ እትሞች ታሪኮቹን ሁሉ በተለያየ ስም የጻፈው ወንዳፍራሽ ብቻውን ነው። ሞተሩን፣ የነዳጁን ዓይነት፣ የመስኮቱን ውፍረት አንድ ሳያስቀር ያወራል። ረቂቁን መጀመሪያ የምታነብለት ሚስቱ ወርቅውሃ ነበረች። አንብባ ስትጨርስ «ጥሩ ነው» ትልና እንዝርቷን ታነሣለች።

«ምኑ ነው ጥሩ?» ይላታል።

«ጽሕፈትህ። ሲነበብ አያስቸግርም።»

በሦስተኛው ዓመት ከሱሉልታ አንድ ታሪክ በፖስታ መጣ። ጸሐፊው ጎበና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ የአባቱን የድርቆሽ ንግድ ለመያዝ አገሩ የተመለሰ ወጣት ነው። ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ ክረምት ላይ ሱሉልታ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት ሳለ አንድ እንግዳ ከነመንኮራኩሩ ከሰማይ ይወድቃል። የሣሩ ባለቤቶች ሣራችን ተቃጠለ ብለው ይከሱታል። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ የሰማዩን ሰው «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ እያሉ በወጉ ያከራክሩታል። በመጨረሻም ካሣውን ትተው፣ መንገደኛ ነው ብለው ስንቅ አስይዘው ይሸኙታል።

ወርቅውሃ ይህን ስታነብ ሽሮው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። አልሰማችም። ስቃ ስቃ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ማነው የጻፈው?»

«አንድ የሱሉልታ ድርቆሽ ነጋዴ።»

«አግብቷል?» አለች፣ ለቀልድ።

ወንዳፍራሽ አልሳቀም። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው እሱ በጻፈው ነገር እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ረቂቁን ተቀብሏት ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ አርትዖት ሊያደርግ ነው። ፊደል አረመ፣ ነጥብ ጨመረ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። «እንግዳው ሲሰናበታቸው አለቀሰ፤ እንባው ግን ወደ ላይ ፈሰሰ» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሞ አነበበው። እንዲህ ያለ መስመር ለመጻፍ ስንት ዓመት ደክሟል፣ ይህ ግን ድርቆሽ እየጫነ ያገኘው ነው! በቀይ ቀለም ሰረዘው። ለራሱም «ትንሽ በዝቷል» አለው።

ታሪኩ እንደዚያ ተቆርጦም ወጣ፤ እንደዚያ ተቆርጦም ሰው ወደደው። ቡራዩ ላይ መጽሔቱን የምትሸጥለት ባለሱቋ ጠጅቱ፣ የሚቀጥለውን እትም ይዞላት ሲሄድ ገና ከደጅ ጮኸችበት።

«መምህር፣ የጎበና አለበት?»

«የለበትም። ግን ስለ ማርስ አንድ ጥሩ…»

«እንግዲያው ሁለት ብቻ ተውልኝ። ያለፈው ጊዜ ማርስ ስኳር መጠቅለያ ሆኖ ነው የቀረው።»

ከቡራዩ ሰበታ እስኪደርስ አውቶቡስ ውስጥ ሲያሰላ መጣ። ጎበናን እንዳያትም መጽሔቱ ይሞታል፤ እንዲያትም እሱ ይሞታል። መላ ያገኘው ያን ሳምንት ነው። ‹አባ ሚዛን› በሚል የብዕር ስም በመጽሔቱ ጀርባ የሒስ ዓምድ ከፈተ፤ ጎበናን በፊት ገጽ እያተመ በኋላ ገጽ ይወቅጠው ጀመር። አማርኛው ኦሮምኛ ተቀላቅሎበታል አለ። ሳይንሱ ልል ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ከመንኮራኩሩ ይበልጥ ብዙ ይናገራሉ አለ።

ለመውቀጥ ማንበብ ግድ ነው። ወንዳፍራሽ የጎበናን ታሪኮች ሰው ጸሎት በሚደግምበት ልክ ደጋገማቸው። የትኛው ቃል ቦታውን እንደሳተ፣ የትኛው ታሪክ ቶሎ እንዳለቀ ከጸሐፊው ይልቅ እሱ ያውቃል። ሒሱም በዚያው መጠን እየሰላ ሄደ። አንባቢ ለሁለት ተከፈለ። ሻይ ቤት ውስጥ «አባ ሚዛን እኮ ልክ ነው» የሚል ሲሰማ ደስታው አንድ ቀን ያድራል፤ ማግስቱን ደግሞ የሚወደሰው ስም የእሱ እንዳልሆነ ትዝ ይለውና ይኮመትራል።

ሰዎች ጨረቃ ላይ በረገጡበት ክረምት፣ በ1961 ሐምሌ፣ ጎበና ራሱ ሰበታ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጫማው በጭቃ የተለሰነ ሰው። ወርቅውሃ ከጎረቤቷ የተማረችውን ኦሮምኛ ይዛ «አካም ጅርቱ!» ብላ ተቀበለችው። «ነጋ፣ ነጋ» ብሎ ደኅንነቱን ነገራት እየሳቀ። ወንዳፍራሽ ሚስቱ የዓመት በዓል ቀሚሷን መልበሷን አስተዋለና ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ መጽሐፍ ላሳትም ነው» አለ ጎበና፣ ከተቀመጠ በኋላ። «መግቢያውን አባ ሚዛን እንዲጽፍልኝ እፈልጋለሁ።»

«አባ ሚዛን… እሱ እንኳን በሩቅ ያለ ሰው ነው። ደግሞ ይሰድብህ የለ?»

«ይሰድበኛል። ባለፈው እትም ‹እንባ ወደ ላይ ፈሰሰ የሚል ጸሐፊ የተፈጥሮን ሕግ የማያውቅ ነው› ብሏል።»

«አየህ!»

«ጋሼ» አለ ጎበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ዓረፍተ ነገር እኮ መጽሔቱ ላይ አልወጣም። ከእኔና ከእርስዎ ቤት በቀር ያየው ሰው የለም።»

ወርቅውሃም ሰምታለች። ወንዳፍራሽ ጆሮው ሲግል ተሰማው።

«ልወቅስዎ አይደለም የመጣሁት» አለ ጎበና። «ሱሉልታ ላይ ጎበዝ የሚለኝ ሞልቷል። የጎደለኝን የሚነግረኝ ግን አባ ሚዛን ብቻ ነው። ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ይባል የለ? እኔ የምሬን ነው የምለው።»

ተቆጥቶ ቢሰድበው ይሻል ነበር። ወንዳፍራሽ በጸሐፊነት መበለጡን ለምዶታል፤ በሰውነትም መበለጡ ግን አንጀቱን በላው። ለመግቢያው እሺ ያለው ሰውየውን ቶሎ ከቤቱ ለማስወጣት ነው።

ሊጽፍ ሲቀመጥ ማር ተቀብቶ የሚናደፍ ነገር አስቦ ነበር። ግን እያንዳንዱን ታሪክ በልቡ ያውቀዋል፤ ውሸት አልመጣለትም። የሽማግሌዎቹ ንግግር ለምን እንደሚጥም፣ የሰማዩ እንግዳ ለምን የጎረቤት ሰው እንደሚመስል አስረዳ። በመጽሐፉ ረቂቅ ውስጥም የተሰረዘውን መስመር ቦታው መለሰ። ከሥሩ «ወንዳፍራሽ፣ የ‹ጠፈር› አዘጋጅ» ብሎ ፈረመ። ወርቅውሃ አንብባው ስታበቃ እንዝርቷን አላነሣችም። «ይሄ ያንተ ነው?» አለችው። አዎ አለ። «እንግዲያስ እንዲህ ጻፍ» አለችው።

እንዲያ ጻፈ። ልብ ወለዱን ትቶ ሐያሲ ሆነ፤ የአዲስ አበባ ጋዜጦችም ሒሱን እየጠየቁ ወሰዱ። ጎበና በዋና ከተማዋ ስሙ ገነነ፣ ታሪኮቹም ከ‹ጠፈር› ገጽ ጠፉ። መጽሔቷ እየመነመነች ሄዳ በ1966፣ ሰው ሁሉ የምድሩን ወሬ ሊሰማ ጋዜጣ ሲሻማ፣ ቆመች።

ቅናቱ ግን አልቆመም። ሁለተኛው የጎበና መጽሐፍ እንደወጣ ወንዳፍራሽ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ እርሳሱን ይዞ ተቀመጠ። እንከን ፍለጋ ነው። ግማሹን አነበበ፤ የለም። ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ ብድግ አለ።

«ወርቅውሃ! ነይ እይ! ጨረቃዋን በምዕራብ አወጣት! ይህን ሕፃን አይስተውም!»

ወርቅውሃ መጽሐፉን ከእሱ ቀድማ ጨርሳዋለች። ከማጀት ሆና መለሰችለት።

«የዚያ ዓለም ጨረቃ በምዕራብ ነው የምትወጣው። ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ተናግሯል እኮ።»

ወንዳፍራሽ መጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። ተናግሯል።