የሁብ ስምንት ሰዓት

የመንገዳችን አንዱ ዳር ሆላንድ፣ ሌላው ጀርመን ነው። ድንበሩ በአስፋልቱ መሃል ያልፋል። ጎረቤቴ ሁብ ኤርከንስ እስኪከሰስ ድረስ ግን ከፖስተኛው በቀር ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም።

ሁብ ጡረታ የወጣ የዳቦ መኪና ሹፌር ነው። በዕድሜው አንድ ወንጀል ሠርቷል፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት ስድስት ካርቶን ሲጋራ ከጀርመን በኩል ካለ ጋራዥ ወደ ቤቱ አሻገረ። ጉዞው አሥራ አራት እርምጃ ነው። የሆላንድ ፍርድ ቤት መቶ ሃያ ሰዓት የመቃብር ቦታ እንዲያጸዳ ፈረደበት፤ ሁብም ሳያጉረመርም ጠረገ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የጀርመን ዐቃቤ ሕግ በእነዚያው ካርቶኖች ከሰሰው። ኤሰር የምትባለው ቆፍጣና ጠበቃው አልደነገጠችም። አንዱ አገር የቀጣበትን ጥፋት ሌላው አገር እንደገና አይከስበትም፤ ብቻ ቅጣቱን ለመጨረስህ ማስረጃ አምጣ አለችው። ማስረጃው መጣ። መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል።

ስምንቱን ካርኒቫል፣ አገር ሁሉ አስቂኝ ልብስ ለብሶ የሚጨፍርበት በዓላችን፣ በልቷቸዋል። የመጨረሻው ቀን የዋለው የካርኒቫል ሰኞ ነበር፤ በዚያ ቀን እኛ ዘንድ እንኳን ቅጣተኛ ሐኪምም አይገኝም። የመቃብሩ ኃላፊ ማቲዩ የዶሮ ልብስ ለብሶ በሩን ቆለፈና ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ሁብ ሄደ። ቀሪውን የጠየቀው የለም፤ እሱም ማንንም አላስታወሰም። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ።

ጠበቃዋ ጉዳዩ እስኪለይ ድንበሩን እንዳትረግጥ አለችው፤ ከተያዘ እስር ቤት ሊከርም ይችላል። ችግሩ ሚስቱ ኔታ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት የምታደርግበት ክሊኒክ ማዶ ነው። ስለዚህ ሁብ ዊልቸሯን እየገፋ እስከ መንገዱ መሃል ያመጣታል፤ ከዚያ እኔ እረከባታለሁ። እስክንመለስ አራት ሰዓት ሙሉ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ ቢዘንብም። መኪኖች ጡሩምባ ይነፉበታል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ዳር ይዞ እንዲጠብቅ ብለምነውም አልሰማኝም።

የጀርመኑ ዳኛ የካርኒቫሉን ነገር ሲሰሙ በዚያ ቀን የእሳቸውም ችሎት ዝግ እንደነበር ለጠበቃዋ ነገሯት። ቢሆንም ስምንቱን ሰዓት ይጨርስና ወረቀቱ ይምጣ፣ መዝገቡን እዘጋለሁ አሉ። ሆላንዶችም ከአምስት ሳምንት በኋላ ፈቀዱ።

ሁብ መቃብር ቦታው ሲደርስ ማቲዩ መጀመሪያ ያወጣው እስክሪብቶውን ነው።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ልፈርምልህና ወደ ሚስትህ ሂድ።"

"ባለፈው ሂድ ብለኸኝ ሄጄ ያየሁትን አይቻለሁ" አለው ሁብ። "መጥረጊያውን አምጣ።"

ስምንት ሰዓት ጠረገ። ምሳ የበላበትን ግማሽ ሰዓት እንኳ መጨረሻ ላይ ተካ።

መዝገቡ በተዘጋ ማግስት ኔታን እየገፋ መጣ። መሃል ሲደርስ እንደለመደው ቆመ። እኔም እንደለመድኩት እጄን ዘረጋሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ትገፋለህ ወይስ ወርጄ ልሂድ?" አለችው ኔታ፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ሁብ እያለቀሰ ገፋ። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ መሃል አስፋልት ላይ ቀረሁ፤ ከኋላዬ የመጣው መኪና ጡሩምባ ነፋብኝ።