አባቴ ያልተነሣበት ማለዳ

የልጅ ልጄ ትናንት ኳስ ሲራገጥ ውሎ እንደ ሽማግሌ ወገቡን ይዞ ገባ። መደቡ ላይ ተዘርሮ ከመድኃኒት ቤት የገዛውን ቅባት ባቱ ላይ ማሸት ሲጀምር አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ከዚያ ከሚያቃጥለው ሽታ ሥር ግን ሌላ፣ እኔ ብቻ የማውቀው፣ እሳት ዳር የሞቀ የስብና የደከመ ገላ ሽታ ነበረበት። «እማማ፣ እግሬ አልነሣ አለኝ» አለኝ እየሳቀ። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን በርጩማዬን አስጠግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና እስኪነሣ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም። ሰው ተኝቶ መነሣት አቃተኝ ሲል መስማት ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬም ያስፈራኛል።

እኔ ልጅ ሳለሁ ከተማው እዚህ ታች ሜዳው ላይ አልነበረም። ንጉሡም መኳንንቱም እንጦጦ ተራራ ላይ ነበሩ፤ ሲመሽ የእሳታቸው ብርሃን እንደ ዝቅ ያለ ኮከብ ይታየን ነበር። እኛ ከየካ ሚካኤል በታች፣ የጥዱ ደን አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ እንኖር ነበር። አባቴ ገበሬ ነው፤ ቦራና ዳማ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ ከማለዳ እስከ ማታ ከኋላቸው እየሄደ ያወራቸዋል፣ ይመክራቸዋል፣ አንዳንዴም ይለማመጣቸዋል። እናቴ «ለእኔ የተረፈው ማንኮራፋታቸው ብቻ ነው፤ ወጉን ለቦራ ጨርሰውት ነው የሚገቡት» እያለች ታስቀን ነበር።

ከዚያ የከብቱ በሽታ መጣ። የላሞቹ ዓይንና አፍንጫ ይፈስ ጀመር፣ ሣር ላይ ቆመው ሣር እምቢ አሉ፤ አንድ ክረምት ሳይሞላ በተዳፋቱ ላይ አንድም የሚያገሣ ከብት አልቀረም። ዳማ ሲወድቅ ቦራ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ በማግስቱ እሱም ወደቀ። ወተት ጠፋ፣ ቅቤ ጠፋ፣ የሚያርስም ጠፋ፤ ቀጥሎ ረኃቡ ገባ። እናቴ መንገድ ስንሄድ ነጠላዋን ፊታችን ላይ ትጥልብን ነበር፤ መንገድ ዳር የወደቀውን እንዳናይ ነው። እኔ ግን ከረኃቡ ይልቅ የምፈራው ማለዳውን ነበር። ሰዉ የሚሞተው ተኝቶ ነውና። አምሽተው እሳት ሲጠይቁን የነበሩ ጎረቤቶች ጧት ደጃቸው ሳይከፈት ይቀራል፤ በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም። ስለዚህ እናቴ ገና ጎህ ሲቀድ እየዳበሰች መዳፏን በየአፍንጫችን ሥር ታደርግ ነበር፤ እኔም ነቅቼ፣ ትንፋሼን ሆን ብዬ ጠንከር አድርጌ፣ ተራዬን እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ጨብጠው መሬት ቆፈሩ የሚል ወሬ ከእንጦጦ ወረደ። አባቴ ወሬውን በሰማ በማግስቱ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረች፣ በረኃባችን ሁሉ ማንም እንዳይነካት የተማማልንባት ጥቂት የገብስ ዘር ነበረችን፤ ዝናቡ ሳያልፍ መዘራት ነበረባት። ከበሬ ኋላ የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ ነው የሚሄደው፤ ዶማ ግን ወገብን አጥፎ አይለቅም። አባቴም ቁፋሮውን እንደ ጠብ ያዘው። ውኃ ሳይቀምስ ይውላል፤ ማታ ሲገባ መዳፉ ተልጦ ጣቶቹ የዶማውን እጀታ እንደ ጨበጡ ተጣጥፈው ቀርተው ነበር፤ ቁራሹን ወደ አፉ የምታደርስለት እናቴ ነበረች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተና አንድ ማለዳ አልተነሣም።

እናቴ መዳፏን አፍንጫው ሥር አድርጋ «ይተነፍሳል» ስትል ሰማሁ። ከዚያ «ኧረ ይነሡ፣ ፀሐዩ ወጥቷል» አለችው። ዓይኑ ተከፍቶ ጣራ ጣራውን ያያል። ክርኑን ሊደገፍ ሞከረና ከጉሮሮው ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ።

«እግሬን አጣሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ወገቤም የእኔ አይደለም። እንግዲህ የእኔም ተራ ደረሰ መሰለኝ።»

ትንሹ ወንድሜ ወልዴ ማልቀስ ጀመረ። እኔ አላለቀስኩም። እናቴ ወደ እኔ ዞረችና «አስካለ፣ ሩጪ፤ አዴ ጫልቱን ጥሪያቸው» አለችኝ።

አዴ ጫልቱ ከወንዙ ማዶ፣ ወሰን ወደሚባለው አገር በሚወስደው ጉብታ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። የተሰበረ ያቃናሉ፣ የወለቀ ይመልሳሉ። አንድ ልጃቸው ቶላ እህል ፍለጋ ወደ ደቡብ ከወረደ ቆይቷል። ቤታቸው ለመድረስ የጥዱን ደን ማቋረጥ ነበረብኝ፤ በደህናው ጊዜ እየዘለልኩ የማልፈው ደን ያን ቀን ወፍ እንኳን አይሰማበትም። መኻሉ ላይ ስደርስ አንድ ጅብ መንገዱ ላይ ቆሟል። በቀን፣ ፀሐይ እየወጣ። ድሮ ጅብ ከሰው ይሸሽ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የሰው ነገር ለምዶ መሸሹን ትቷል። አትሩጪ ተብዬ ስለማውቅ አልሮጥኩም፤ ብሮጥም እግሬ የሚታዘዝልኝ አይመስለኝም። ልብሴ ውስጥ ሙቅ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። ጅቡ ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝ፤ ሆዱ መሬት ሊነካ ደርሷል፤ በዚያ ዘመን ወፍሮ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። አጥንቴን አይቶ ንቆኝ ይሁን ወይም ጠግቦ፣ እያነከሰ ወደ ጫካው ገባ።

ደጃቸው ስደርስ ኮቴዬን ሰምተው ከውስጥ «ቶላ ነህ?» አሉ። እኔ መሆኔን ሲያዩ ፊታቸው ወደቀ፤ ቶሎ ብለው ግን ሰበሰቡት። የሆነውን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ጅቡን ስነግራቸው ቀሚሴን አይተው የራሳቸውን ነጠላ አገለደሙልኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው አንዲት ትንሽ ቅል ይዘው ወጡ፤ ክዳኗን ከፈት አድርገው አሸተቱና ከደኑ። ቅቤ ነው። ጡጫ የምታህል የቅቤ ድቡልቡል፤ ምናልባት በተዳፋቱ ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ። ለቶላ መመለሻ ያስቀመጧት እንደሆነች ያወቅሁት ኋላ ነው።

አባቴ ቅሏን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አዴ ጫልቱ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አንቱም ልጆቼም እየራባችሁ ይህን እኔ ላይ አያፍስሱብኝ። ለልጆቹ ይስጡልኝ። ለሚሞት ሰው ቅቤ ምን ይሠራለታል?»

አዴ ጫልቱ ባቱን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት። አባቴ ጮኸ።

«ሬሳ አይጮኽም» አሉ። «ትኩሳት የለህም። ይሄ በሽታ አይደለም፤ ሥጋህ ነው የሚጮኸው፤ ያለ ልኩ አሠራኸው። ቅቤውን ልጆቹ ቢበሉት አንድ ቀን ያድራሉ። አንተ ካልተነሣህ ግን ያችን ዘር ማን ይዘራታል? እኔ ልዝራት?»

እናቴ እንደ ቆመች ቀረች። ወደ ቅሏ አየች፣ ወደ ወልዴ አየች፤ የወንድሜ ዓይን ከቅሏ አልተነቀለም። እናቴ ያን ጊዜ በልቧ ያደረገችውን ምርጫ እኔ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ላደርገው ሞክሬ አቅቶኛል። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብላ እሳቱን ቆሰቆሰች።

አዴ ጫልቱ ቅቤውን እሳት ዳር አቅልጠው በመዳፋቸው እየነከሩ ከቁርጭምጭሚቱ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ልጅ እንደሚያባብል ሰው በስሱ፣ ሥጋው ለስለስ ሲል ጠበቅ አድርገው፣ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ። እናቴ ድንጋይ አሙቃ በጨርቅ ጠቅልላ ወገቡ ሥር ታደርጋለች። አባቴ የነጠላውን ጫፍ ነክሶ ያቃስታል፤ እኔ ጆሮዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ፤ በእያንዳንዱ ጩኸት ነፍሱ የምትወጣ ይመስለኛል። ቤቱን የረሳነው የቅቤ ሽታ ሲሞላው አፌ ውኃ ሞላ፤ ፍርሃትና ምራቅ አብረው ሲመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ድንገት አባቴ መጮኹን አቆመና «ምንድን ነው እሱ?» አለ። ቀና ብለን ስናይ ወልዴ በእንብርክኩ ከኋላ ሄዶ የአባቴን ተረከዝ እየላሰ ነው። እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ አባቴ ግን መሳቅ ጀመረ፣ ወገቡን እያመመው፣ እያቃሰተ፣ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ተዉት፣ የድርሻውን ይውሰድ» አለ። አዴ ጫልቱም ቅሏን በጣታቸው ጠርገው፣ ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

ከዚያ አባቴ እንቅልፍ ወሰደው፤ ለእኔ ይሄ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ዋልኩ፤ ትንፋሹ ሲዘገይ የእኔም ይቆማል። በማግስቱ ማለዳ መዳፌን አፍንጫው ሥር ሳደርግ «አለሁ» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። በዱላ ተደግፎ ቆመ። አዴ ጫልቱ ግን ዶማውን ቀሙት፤ «ዛሬ ከደጅ እስከ አጥር እየተመላለስክ ብቻ ትውላለህ። ከነገ ወዲያ ጥላ እስኪያጥር ትቆፍራለህ፣ ከዚያ ውኃ ጠጥተህ ታርፋለህ። መሬቱ ጠላትህ አይደለም» አሉት። እንዳሉት አደረገ፤ እናቴም እኔም ከጎኑ ቆፈርን፣ ዝናቡ ሳያልፍ ገብሷ ገባች።

ቶላ አልተመለሰም። አባቴ የአዴ ጫልቱንም ማሳ ቆፈረላቸው፤ ኋላም እኛ ዘንድ ገብተው እስኪሞቱ ድረስ ከእናቴ ጋር እየተነታረኩ ኖሩ። እኔ ግን ያ ዘመን ምን እንደወሰደብን የገባኝ ገብሱ ሲደርስ ነው። የሚያበራይ በሬ ስላልነበረ በዱላ ወቃነው፤ ገለባውም አውድማው ዳር ተከመረ። ድሮ ገለባ ሲከመር የተዳፋቱ ልጆች ሁሉ ተሰብስበን ኩኩሉ እንጫወት ነበር፤ ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «ኩኩሉ!» ሲል ከገለባው ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከወይራው ኋላ «አልነጋም!» የሚል ድምፅና የታፈነ ሳቅ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ የቱን እንደምትከተል ግራ እስኪገባህ። በዚያ ዓመት ወልዴ እጄን ጎተተኝና ጨፍኚ አለኝ። ጨፈንኩ።

«ኩኩሉ!» አልኩ።

ከገለባው ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ «አልነጋም!» አለ። ዓይኔን ሳልገልጥ ቆሜ ሌሎቹን ጠበቅኩ።