ለእናትና ለልጅ የጠቆምኩት መጽሐፍ

ለሰው መጽሐፍ መጠቆም በሽታዬ ነው። ሰው ራሴን አመመኝ ሲለኝ ኪኒን ከመፈለጌ በፊት ለእሱ የሚሆን መጽሐፍ ትዝ ይለኛል። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ የተካንኩት ትልቁ ሙያ ያላነበብኩትን መጽሐፍ ያነበብኩ መስዬ መጠቆም ነው። ሽፋኑን አየት፣ የጀርባውን ጽሑፍ ገረፍ፣ ከመሀል ሁለት ገጽ ቀመስ አደርግና "ይሄ ለአንቺ የተጻፈ ነው!" እላለሁ። ካይሮ እስክመጣ ድረስ አንድም ሰው ተመልሶ ወቅሶኝ አያውቅም።

አሁን ኒው ካይሮ ውስጥ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። ጆሯቸው ከብዷል፤ ምሳ ከበሉ በኋላ ሁለት ሰዓት ይተኛሉ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሥራው ትንሽ ነው፣ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም። ስለዚህ እሳቸው ሲተኙ ወጥ ቤት እገባለሁ፤ ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ፣ ከአገር ይዣቸው ከመጣሁት መጻሕፍት አንዱን ገልጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። የቀዳሁትን ስምንት ሴቶች ላሉበት የስልክ ግሩፕ እልካለሁ። ሁላቸውም እንደኔ ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። አንዷ ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ሌላዋ መስኮት እየወለወለች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያዳምጣሉ። አንድ መጽሐፍ ለስምንት ሰው በሌላ መንገድ አይዳረስም። ከኒው ካይሮ ከከተማው ማዶ ሀረም ድረስ በማይክሮባስ እያዞርኩ ላበድር ብል ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እናረጃለን።

አሮጊቷ አንድ ቀን ከወትሮው ቀድመው ነቁና መጽሐፍ ይዤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩኝ። ጸሎት መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የኔ ልጅ ስትጸልይ ነው የምትውለው" እያሉ ያስተዋውቁኛል። አላረምኳቸውም። በሕይወቴ ስሜ እንዲህ አምሮ አያውቅም።

ከስምንቱ ሴቶች አንዷ የደሴ ልጅ ናት። ዓርብ ዓርብ፣ የእረፍት ቀናችን ሲሆን፣ ሀረም በጋራ የተከራየናት ቤት እንገናኛለን። አንድ ዓርብ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ደሴ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት። እሷ ካይሮ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጅቷን የምታሳድጋት አክስቷ ናት። የእናትና የልጅን የስልክ ወሬ እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። "ደህና ነሽ?" "ደህና።" "ትምህርትስ?" "ደህና።" "አክስትሽስ?" "ደህና።" ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ ይባላል። ኔትወርኩ ግን ምንም አልሆነም።

"አንቺዬ፣ ስልኩን ስዘጋው የሌላ ሰው ልጅ ያናገርኩ ነው የሚመስለኝ" አለችኝ። "ለእኔና ለእሷ የሚሆን አንድ መጽሐፍ ስጪን። እሷ እዚያ ታንብብ፣ እኔ እዚህ በአንቺ ድምፅ ልስማ። ያዕኒ፣ ማለቴ የምናወራው እንዲኖረን።"

እንዲህ አድርጎ መጽሐፍ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን እዚያው በቆምኩበት፣ ሽፋኑ ላይ አንዲት እናትና አንዲት ልጅ አውቶቡስ ተራ ቆመው የሚታዩበት ልብ ወለድ መጣልኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች አንብቤያቸዋለሁ። እናትየዋ ሩቅ ወደብ ከተማ ለሥራ ትሄዳለች፤ ልጅቷ በየበዓሉ ዋዜማ አውቶቡስ ተራ ሄዳ ትጠብቃታለች። "ይሄ ለእናንተ የተጻፈ ነው!" አልኳት። ደሴ ያለችው ልጇም ያንኑ መጽሐፍ ከትምህርት ቤቷ ተውሳ ጀመረች።

ሠራ! በሁለተኛው ሳምንት ስልኩ አርባ ደቂቃ መፍጀት ጀመረ። መጽሐፉ ውስጥ ያለችውን ክፉ ጎረቤት አብረው ያሟታል። እናትየዋ ዓርብ ስትመጣ ገና በሩ ላይ "ልጄ እኮ ነገረኛ ናት፣ በእኔ ወጥታለች!" እያለች ትስቃለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ጥፋቴ የጀመረው በክትፎ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ትልቅ ሠርግ አለ፤ ደራሲው ደግሞ ምግብ ላይ አይጨክንም። ግማሹን አንብቤ ከመላኬ ግሩፑ በጩኸት ሞላ። "ኧረ በማርያም! ፓስታ በቲማቲም እየዋጥን አንቺ ክትፎ ታነቢልናለሽ?" አለች አንዷ። እውነቷን ነው። የምዕራፉን ቀሪ ክፍል ሳነብ ሠርገኞቹን በሙሉ ሽሮ አበላኋቸው። ማንም አልነቃም። ደሴ ያለችው ልጅ ብቻ በስልክ "ሠርጉ ላይ የቀረበው እስከ መጨረሻው ክትፎ ነው" ብላ ስትከራከር እናቷ "በጾም ሥጋ አምሮሻል ማለት ነው" ብላ ሳቀችባት።

ከዚያ ደፈርኩ። አንድ ጎረምሳና አንዲት ኮረዳ ሲሳሳሙ "ተጨባበጡ" ብዬ አለፍኩ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ኮረዳይቱ አረገዘች፤ በመጨባበጥ እንዴት አረገዘች ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ረጅም የተፈጥሮ ገለጻ ሲሰለቸኝ እቆርጠዋለሁ። መጽሐፉ በእኔ እጅ እያማረበት የሄደ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ስልኩን ከፍቼ እየቀዳሁ ዓይኔ ወደ ታች ቀደመኝ። እናትየዋ አትመለስም። ደብዳቤዋ ይቋረጣል። ልጅቷ አንድ የበዓል ዋዜማ ላይ ጫማዋን ታጠልቅና መልሳ ታወልቀዋለች፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ተራ አትሄድም። አለቀ።

ስልኩ እየቀዳ ነው። ስምንቱ ሴቶች መተኮሻቸውን እንደያዙ ታዩኝ። ስድስቱ አገር ቤት ልጅ አላቸው። ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የማነብላቸው? አፌ ዝም ብሎ ሄደ። አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ እናትየዋ ሁለት ሻንጣ ይዛ ወረደች! ራሴ እየፈጠርኩ ራሴ አለቀስኩ። አሮጊቷ ነቅተው በሩ ላይ ቆመው ኖሮ እንባዬን አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና "ጸሎትሽን ይቀበልሽ" አሉኝ።

ግሩፑ በደስታ አበደ። ሻንጣው ውስጥ ምን ነበር ብለው አፋጠጡኝ። ጫማ አልኩ፣ የቀሚስ ጨርቅ አልኩ፣ አልበቃቸውም። ጁስ መፍጫም አለበት አልኩ። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ከተማ በኩራዝ የምትኖር፣ መብራት ያልገባላት ከተማ መሆኗን ያስታወስኩት ከላክሁት በኋላ ነው።

በቀጣዩ ዓርብ የደሴዋ እናት ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

"ልጄ ዘጋችኝ" አለች። "መጨረሻው እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። መጣች እኮ አልኳት፣ ስለ ጁስ መፍጫው ሳይቀር ነገርኳት። 'እማ፣ አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ' ብላ ዘጋችው። ይኸው አራት ቀኗ፣ አታነሳም። ምን አጠፋሁ?"

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ይህች እናት በየዓመቱ "ለሚመጣው በዓል እመጣለሁ" ስትል ኖራለች፤ ከአሠሪዋ ፈቃዱ ወይ አይገኝም፣ ወይ ለመጠየቅ ትፈራለች። ልጅቷ ይሄንንም ከእነዚያ እንደ አንዱ ቆጥራዋለች። መጽሐፉን እንኳ አልሰማሽም፣ ዝም ብለሽ ታባብይኛለሽ ማለቷ ነው። ለስድስት ዓመት ያልነበራቸውን ወሬ ሰጥቻቸው፣ በሁለት ሻንጣ መልሼ ወሰድኩባቸው።

ድፍረት አጥቼ ለእናትየዋ ምንም አልነገርኳትም። "እስቲ እኔ ላናግራት" ብዬ ቁጥሩን ተቀበልኩና ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። የማታውቀው ቁጥር ስለሆነ ነው መሰል፣ አነሳችው።

"የእናትሽ ጓደኛ ነኝ፤ መጽሐፉን የማነብላት" አልኳት። "እናትሽ አልዋሸችሽም። የሰማችውን ነው የነገረችሽ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ መጨረሻውን ቀይሬ ነው ያነበብኩላቸው።"

"ለምን?"

"ማንበብ አቃተኝ።"

"እኔ ግን አነበብኩት" አለች።

  ቀጥላም "ክትፎውንም የቀየሩት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"እኔው ነኝ፣ የኔ ልጅ።"

ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። "እማዬ እውነተኛውን መጨረሻ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ዛሬውኑ እነግራታለሁ።"

"አይንገሯት።"

"ለምን?"

"ተመለሰች ብላ ታስብ። እንደዚያ ካሰበች ትመጣ ይሆናል።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የዛሬው እንባ ፈጠራ አልነበረበትም። ወደ ቤት ስገባ ለእናትየዋ "ኸላስ፣ አለቀ፣ ትደውልልሻለች" ብቻ አልኳት።

እሑድ አሮጊቷን ቁርስ እያበላሁ ስልኬ ጮኸ። የደሴዋ እናት ናት፤ ገና ሃሎ ሳልል ጀመረችው።

"አንቺዬ፣ ልጄ ደወለች! ይቅርታ ጠየቀችኝ! 'የመጨረሻውን ገጽ ሳልገልጠው ቀርቼ ነው' አለችኝ፤ ትክክሉ እኔ ያልኩት ነው። ጎበዝ ናት፣ ግን ትቸኩላለች፤ ረጋ ብለሽ አንብቢ ብዬ መክሬያታለሁ።"

"ጥሩ አደረግሽ" አልኳት። 

"ደግሞ ስሚኝ። ዛሬ ጠዋት መዳምን ለፋሲካ ፈቃድ ጠየቅኋት። እንዴት እንደ ደፈርኩ አላውቅም።"

ማንኪያውን አስቀመጥኩት። "ምን አለችሽ?"

"እናያለን አለችኝ" አለች።  "እንቢ አላለችም እኮ። ሰማሽ? እንቢ አላለችም።"