በፍሙ ዙሪያ የተባለ

ልጅ ሳለሁ በሠራተኞች ቀን ማታ የሚነደው እሳት ነበልባል አልነበረውም። የሚነደው የቡና ገለባ ነበር። ገለባ እንደ እንጨት አይንቦገቦግም፤ ውስጥ ውስጡን እየበላ ይቀላል፣ ላዩ አመድ ይለብሳል፣ ጭሱ ዝቅ ብሎ በሣሩ ላይ ይሄዳል፣ ሽታውም ለቀናት ከልብስ አይለቅም። ገለባውን በጆንያ የሚሰጠን ወላጆቼ የሚሠሩበት የቡና መጋዘን ነበር። ለበዓሉ በነፃ ከሚሰጣቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

የምኖረው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ነበር፤ ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ። እናቴ አማረች ከሌሎች ሴቶች ጋር ረጅም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ጥቁሩንና የተሰበረውን የቡና ፍሬ ከደህናው ትለቅም ነበር። አባቴ ማርቆስ በዚያው ግቢ ጫኝና አውራጅ ነበር። ሁለቱም ከዳውሮ የመጡ የወንጌል አማኞች ናቸው። አባቴ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ይህን የማነሳው ላመሰግነው ሳይሆን ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

በደርግ ጊዜ ሰልፉ ግዴታ ነበር ይባላል፤ እኔ አልደረስኩበትም። እኔ የማውቀው ሰልፍ በፈቃድ የሚወጣ ነበር። ከፊት የሠራተኛ ማኅበሩ መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ፣ ቀጥሎ ነጭ ካናቴራ የለበሱ ጫኞች፣ ከኋላ ለቃሚ ሴቶች። ቀኑ ሚያዝያ ሃያ ሦስት በመሆኑ ከጊዮርጊስ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መሃል ላይ የሚገቡ ሴቶች ነበሩ። ሰልፉ ከመጋዘኑ በር ተነሥቶ በገበያው በኩል ዞሮ ሜዳው ላይ ንግግር ይሰማል፣ ከዚያ የአወቱን ወንዝ ተሻግሮ ዛፍ ወዳለበት ሣር ይወርዳል። ሽርሽሩ እዚያ ነው። ማኅበሩ ሁለት ወይፈን ይገዛል፤ አንዱ በእስላም እጅ፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፣ ድስቶቹም በሁለት በኩል ይጣዳሉ። ገለባው ግን በመሃል ይነዳል። እሱ አንድ ነበር።

ሲመሻሽ የማኅበሩ ማሾ ፋኖስ ከቅርንጫፍ ይንጠለጠልና አባ ሜጫ ከፍሙ አጠገብ ይቀመጣሉ። አባ ሜጫ በመጋዘኑ የጆንያው ድርድር፣ ማለትም የክምሩ፣ ኃላፊ ነበሩ፤ የትኛው ጆንያ በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ ከታች ቆመው በእጃቸው ያመለክታሉ። ነጭ ኮፍያ አይለያቸውም። ተረት ሲያወሩ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነበር፤ ያኔ እኛ ልጆቹ የቱን በየትኛው ቋንቋ እንደሰማን ልብ አንልም ነበር።

«ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ቀረብ በሉ» ይሉና ዓመት በዓመት ያንኑ ተረት ያወሩልናል።

በድሮ ዘመን ጉንዳን ሁሉ የሚኖረው ከግቤ ወዲያ ማዶ ነበር። ረኃብ ገባ። ከወዲህ ማዶ የበሰለ ቡና ዝናብ ነክቶት እየጣፈጠ ይሸታል፣ ድልድይ ግን የለም። ታላላቆቹ ተማከሩና «እግር ለእግር እንያያዝ፤ ከፊላችን ድልድይ እንሁን፣ ከፊላችን እንሻገር፣ የተሻገረው ድልድዩን ጎትቶ ያውጣ» አሉ። ተያያዙ። ሌሎቹ በጀርባቸው ላይ ተሻገሩ። ቀዩን ፍሬ ሲያዩ ግን መጎተቱን ረሱት። በልተው ከጠገቡ በኋላ አንዲት ትንሽ ጉንዳን ወደ ወንዙ ዞር ብላ፣ «ድልድይ የሆኑትሳ፣ የት ደረሱ?» አለች።

አባ ሜጫ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ተረቱ መጨረሻ የለውም። መልሱን የሚሰጡት በፍሙ ዙሪያ የተቀመጡት ናቸው።

«ጡረታ ወጡ» ይላል አንዱ።

«አዲስ አበባ ለፊርማ ሄደው እዚያው ቀሩ።»

«የለም፣ ማኅበር አቋቁመው እስካሁን ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል ሌላው፣ የማኅበሩን ሊቀ መንበር እያየ። ሊቀ መንበሩም ይስቃል።

ከሳቁ በኋላ ግን የምሩ ይመጣል። አንዷ ለቃሚ ጠረጴዛው ጨለማ ውስጥ መሆኑን፣ አንዱ ጫኝ ደሞዙ መዘግየቱን በተረቱ እያሳበቡ ይናገራሉ። የሚፈራ አልነበረም፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚያውቀው ሕግ አለ፤ በፍሙ ዙሪያ የተባለ በመጋዘኑ በር አያልፍም። የተናገረ በማግስቱ አይጠየቅበትም፣ የሰማም ወስዶ አይጠቀምበትም። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ያኔ ጥሩ ሕግ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በጥር ወር፣ የጆንያው ድርድር ተናደ። አባቴ ከላይ ነበር። አባ ሜጫ ከታች ሆነው ክንዳቸው ተሰበረ። አባቴ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ቀብሩ ላይ የጉባኤያችን ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር። ከዚያ ወሬ ተነሣ፤ ማርቆስ ጠጥቶ ነው የወጣው ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው አድጌም ጠይቄ አላገኘሁም፤ ከመጋዘኑ ቢሮ እንደወጣ የነገሩኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ሦስቱም ከሌላ ሰው ነው የሰሙት። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ማንም እናቴን ፊት ለፊት ምንም አላላትም። የሐሙስ ጸሎት ብቻ ከቤታችን ወጣ። እናቴ ስታገባ ጀምሮ ሴቶቹ ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት ነበር የሚጸልዩት፤ አንድ ሐሙስ እናቴ አግዳሚውን ጠርጋ፣ ሻይ አፍልታ ጠበቀች፣ የመጣ የለም። በሌላ ሰው ቤት እንደተሰበሰቡ ከጎረቤት ሰማች። ሻዩን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ቀዳችልን። በሚቀጥለውም ሐሙስ አግዳሚውን ጠረገች።

ሠራተኛው እውነቱን ያውቅ ነበር። እናቴ በጠረጴዛው አጠገብ ሲያልፉ ጫኞቹ አንገታቸውን እንደሚደፉ ታያለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ የነበረ ሰው ማርቆስ አልጠጣም ብሎ፣ ስሙን ሰጥቶ፣ ሰው ፊት እንዲናገር። ለመለመን ግን አፏ አልተፈታም።

ሠራተኞች ቀን ደረሰ። የምትሄድ አልመሰለኝም ነበር፤ ጥቁሯን እንደለበሰች ከሰልፉ ገባች፣ እኔም እጇን ይዤ። አባ ሜጫም መጥተው ነበር። ክንዳቸው እስኪጠገን አጋሮ ልጃቸው ዘንድ ከርመው በዋዜማው መመለሳቸው ነው፤ ክንዳቸው እንደታጠፈ ቀርቷል።

ማታ ፍሙ ዙሪያ ተቀመጥን። ካቦው ጌታሁን የመጋዘኑ ተወካይ ሆኖ ስለመጣ ወንበር ተሰጥቶታል፤ ሌላው ሰው ሣር ላይ ነው። አባ ሜጫ ጉንዳኖቹን እስከ ግቤ አመጡ፣ አሻገሩ፣ ጥያቄው ላይ አቆሙ። እንደ ልማዱ አንዱ «ጡረታ» አለ፣ ጥቂት ሰው ሳቀ።

«እኔ ልመልስ» አለች እናቴ።

በየዓመቱ ስትመጣ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም።

«ወንዙ ወሰዳቸው» አለች። «ይህ ያለ ነው፤ ወንዝ ይወስዳል። የተሻገሩት ግን ሲጠየቁ ‹ጠጥተው ነበር፣ እጃቸው የለቀቀው ለዚያ ነው› አሉ።»

ጭሱ በመሃላችን ያልፍ ነበር። አባ ሜጫ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አባባ፣ ያላለ የለም። የሐሙስ ጸሎት ከቤቴ ወጥቷል። እርስዎ አልሰሙም?»

«አልሰማሁም። ወላሂ፣ አሁን ነው የምሰማው።»

ያኔ ተማም ተነሣ። ተማም ከአባቴ ጋር ጆንያ ይቀባበል የነበረ ወጣት ጫኝ ነው። ዓይኑን ከፍሙ ሳያነሣ ተናገረ። ቡናውን የሚወስደው መኪና ዘግይቶ ስለነበር በድርድሩ ላይ ሁለት ረድፍ እንዲጨመር ታዘዘ፤ አባ ሜጫ ድርድሩ አይችልም ብለው ነበር፤ ማርቆስ የወጣው ተልኮ ነው፤ ጠዋት አብረው ቁርስ ሲበሉ የጠጣው ሻይ ነው። ይህን ብሎ ተቀመጠ። ሌሎች ሁለት «እውነት ነው» አሉ።

ካቦው ወንበሩን አስተካከለ። የሚቆጣ አይመስልም ነበር።

«ጥሩ ተረት ነው» አለ። «ሕጋችንን ግን አትርሱ። በፍሙ ዙሪያ የተባለ በር አያልፍም። አይደለም እንዴ፣ አማረች?»

«ሕጉን አውቃለሁ፣ ካቦ» አለች እናቴ።

ወደ ቤት ስንመለስ በአወቱ ድልድይ ላይ ቆመች።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ለማንም እንዳትነግሪ። ቃል ነው።»

ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ያን ማታ ምን እንደደረሰባት አውቃለሁ። ስትፈልገው የነበረውን ሰጧት፣ ይዛው እንዳትወጣ አድርገው። ሰዎቹን ያናገራቸው ያው ሕግ አፏን ዘጋው። ተማምን ልትወቅሰው አትችልም፤ ልትጠራውም አትችልም።

እሑድ ጉባኤው መዝሙር ጨርሶ ሊቀመጥ ሲል ከበሩ በኩል መንሾካሾክ ተሰማ። ዞር ስል አባ ሜጫ ናቸው፤ ነጭ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ጫማቸውን አውልቀው በጤናማው እጃቸው ይዘዋል። ጫማ አይወለቅም የሚላቸው ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ አነጋግሯቸው ወደ ፓስተሩ ሄደ፤ ፓስተሩም ጥቂት አስቦ ወደ ፊት ጠራቸው።

«አባታችን፣ በሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ስለ ማርቆስ ልናገር ነው የመጣሁት። ወላሂ…»

«እዚህ ቤት አንምልም፣ አባቴ» አለ ፓስተሩ፣ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ሳልምል ስሙኝ።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «በበዓላችን ማታ የተባለ ነገር አለ። እሱን አልናገርም፤ ሕግ አለን። እኔ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ያን ቀን ከድርድሩ ሥር ቆሜ ነበር። ማርቆስ አልጠጣም ነበር። አፉ አፌ አጠገብ ሆኖ ነው ‹አባባ፣ ልውጣ ወይ?› ያለኝ። አትውጣ አልኩት። የሚበልጠኝ አዞ ነበርና ወጣ። ዱጋው፣ እውነቱ፣ ይኸው ነው። ስሜ ሜጫ ነው፣ ቤቴ አወቱ መንደራ ነው፤ የሚጠይቀኝ ካለ እዚያ ያገኘኛል።»

ከዚያ የቆሙበትን ለቀው በመጡበት ወጡ። እናቴ አላለቀሰችም። እጄን ግን እስኪያመኝ ጨብጣኝ ነበር። በመስኮት ስመለከት ተማም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር፤ አልገባም፣ ግን እዚያ ነበር።

ሐሙስ እናቴ እንደ ልማዷ አግዳሚውን ጠረገች። ሴቶቹ መጡ። ማንም ይቅርታ አላለም፣ ስለ ቀሩባቸው ወራትም የተነሣ ነገር የለም፤ አንዷ ስኳር ይዛ መጥታለች። ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

አባ ሜጫ ወደ ሥራ ሳይጠሩ ቀሩ። ክንዳቸው አልዳነም ተባለ። ክንዳቸው በእርግጥ አልዳነም ነበር፤ ያልተጠሩበት ምክንያት እሱ ይሁን ያ እሑድ፣ የሚያረጋግጥልኝ ሰው አላገኘሁም። በሚቀጥለው ዓመት ሰልፉ ወደ አወቱ ሲወርድ ከመንገድ ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ለቃሚ ሴቶቹ እሳቸው ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ያዘዛቸው ሰው አላየሁም። ከኋላ መኪና ጥሩንባ ይነፋል፣ ከፊት ያሉት ጫኞች እየራቁ ነው፤ እናቴና ጎረቤቷ መሃላቸውን ከፈት አደረጉ፣ ሽማግሌውም ሳቅ እያሉ ገቡ። «በሴቶች መሃል ልትቀብሩኝ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ማታም ተረቱን አወሩ፤ ጥያቄው ላይ ሲያቆሙ ግን የቀለደ አልነበረም።

ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠራሁ። «ይህ ከዚህ አይውጣ» ብሎ የሚጀምር ሰው በየሳምንቱ ይገጥመኛል። ብዕሬን አስቀምጬ እሰማዋለሁ፤ የሚፈራበት ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፣ ተማምም ነበረው። ሲጨርስ ግን ‹ሰማህ ወይስ አየህ?› እለዋለሁ። አየሁ ካለኝ ስሙንና ቤቱን እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይነሣሉ። አልፈርድባቸውም።

ተረቱን ለልጄ ነግሬያታለሁ፤ በቤታችን ገለባ የለም፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር። ጥያቄው ላይ ሳቆም መልሱን ከእኔ ፈለገች።

«ታዲያ የት ደረሱ?» አለችኝ።

የጉንዳኖቹን አላውቅም፤ አላየሁም። ስለዚህ ተረቱን እዚያው ትቼ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ፊት ስለሄዱት ሰው ነገርኳት። እሱን አይቻለሁ።