የእትዬ ዘነቡ የክርስትና ስም

እዚህ ቤሩት፣ የአሠሪዬን ሕፃን አጥቤ ሳደርቅ ወንድሜ ደወለ። «የክርስትና እናትሽ እትዬ ዘነቡ ዐርፈው ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ።

የሕፃኑ እርጥብ ራስ ሽታ ወደ አገሬ ቆቦ መለሰኝ፤ የታናሽ እህቴ ክርስትና ዕለት። ቆላ ቢሆንም የንጋቱ ውሃ ይቀዘቅዛል። ቄሱ ሲያጠምቋት ጮኸች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

እትዬ ዘነቡ ሳቁ። «አንቺማ ቄሱን ረግጠሽ ነው የተጠመቅሽው! ከውሃው የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእኔ የክርስትና ስም ወለተ ማርያም ነው። ልጅ የለኝም፣ አንቺ ያዢልኝ። ስሞት ካህናቱ ዘነቡ ብለው እንዳይፈቱኝ፤ እግዜር ልጄ ያለኝ በዚያ ስም ነው።»

ወንድሜን ብጠይቀው ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም፤ ፍትሐቱንም ቀርቦ አልሰማም። በቀብራቸው ላይ የነበራችሁ፣ እባካችሁ፣ ቄሱ በፍትሐቱ ማን ብለው እንደጠሯቸው ንገሩኝ።