የኮቺው አስጎብኚያችን

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የስቶክሆልም ብርድ ሲያንገሸግሸን፣ እኔና ባለቤቴ ከምንኖርበት የከተማው ሰፈር ከሱንድቢበሪ ተነስተን ኮቺ የምትባል ጥንታዊ የህንድ የወደብ ከተማ ሄድን።

አስጎብኚያችን መነጽራም ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ከየት እንደመጣን በእንግሊዝኛ ሲጠይቁን፣ አዲሱን ፓስፖርታችንን ተማምነን "ከስዊድን!" አልናቸው። ፈገግ ብለው ግዙፎቹን የዓሣ መረቦች፣ የድሮውን ቤተ ክርስቲያንና የቅመም መጋዘኖቹን እያዞሩ ያስረዱን ጀመር።

እኔ ደስ ብሎኛል። ባለቤቴ ግን ሆዱ ባዶ ከሆነ ቅርስ አይታየውም። አጠገባቸው ቆሞ በአማርኛ፣ "እኚህ ሰውዬ ክፍል ውስጥ ያለን መሰላቸው እንዴ? ምሳ የለም?" ይላል።

"ቀስ በል፣ ይሰሙሃል።"

"ቢሰሙስ ምን ይገባቸዋል?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ማስረዳታቸውን ቀጠሉ።

ስንለያይ አብረናቸው ፎቶ ተነሳን፤ ቤታችን ስንገባም በሰጡን አድራሻ ላክንላቸው። ከወር በኋላ መልስ መጣ። ፖስታውን የከፈተው ባለቤቴ ወረቀቱን አቀበለኝ። ጥርት ባለ የአማርኛ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

"ልጄ፣ ፎቶው ደርሶኛል፤ ተባረኩ። ደሴ አሥራ ሁለት ዓመት ሂሳብ ሳስተምር፣ እንደ ባልሽ ምሳ ምሳ የሚል ተማሪ አንድም ቀን ከክፍሌ ጠፍቶ አያውቅም።"