አስራ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ኮት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ገብቼ ግድግዳውን ሳየው... በስህተት ሰርግ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታሪክ ክበባችን ባቡር ጣቢያው ከመሠራቱ በፊት ሰበታ ምን ትመስል እንደነበር የሚያሳይ የፎቶ ኤግዚቢሽን ልናዘጋጅ ተነሳን። እኛ ተማሪዎቹ ቤት ለቤት ዞረን ከሽማግሌዎች አሮጌ ፎቶ ሰበሰብን፤ አጉልተው የሚያትሙልን ደግሞ ጋሽ ውብሸት ሆኑ። ጋሽ ውብሸት እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ፎቶ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። የከተማው ጉርድ ፎቶ በሙሉ በእጃቸው አልፏል። የእኔንም የስምንተኛ ክፍል ፎቶ አፍንጫዬን አቅጥነው ሰጥተውኝ፣ ፈተና ቦታ «ይሄ የእህትሽ ነው» ተብዬ ልመለስ ነበር። ያኔ መንቃት ነበረብኝ!

ከሰበሰብነው ሁሉ እኔ የምሳሳለት የአያቴ ፎቶ ነበር። አያቴ ኦቦ ቱሉ አሁን ሐዲዱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቤትና የጤፍ ማሳ ነበራቸው። መሬት ሊለኩ የመጡት ቻይናዎች ደጃፋቸው ላይ ቀይ የተቀባች ችካል ተከሉ። በዚያው ቀን አንደኛው ቻይና አያቴን ፎቶ አነሳቸውና በማግስቱ ወረቀት ላይ አትሞ አመጣላቸው። ጭቃ ቤቱ፣ ባህር ዛፉ፣ ጋቢ ለብሰው የቆሙት አያቴ... እግራቸው ሥር ደግሞ ያቺ ቀይ ችካል። ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ከቤቱ የቀረ ነገር ቢኖር ያ ፎቶ ብቻ ነው።

አያቴ ሲሰጡኝ በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉንም በሌላ ፌስታል ጠቅልለው ነው። «ይኼ ቤቴ ነው፤ እንዳትጥይው» አሉኝ። ፎቶዬ አላሉም። ቤቴ ነው ያሉት።

እና ቅዳሜ ግድግዳው ላይ አስራ አንድ ሽማግሌ ተሰቅሏል። አስራ አንዱም ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል። ያው አንዱን ሰማያዊ ኮት! ያው አንዱን ቀይ ከረባት! ከሁሉም ጀርባ ያው ፏፏቴ፣ ያው ነጭ ቪላ፣ ቪላው ጥግ ላይ ዘንባባ። ሰበታ... ዘንባባ። መሃል ላይ ያሉት የእኔ አያት ናቸው። ኮቱ አንገታቸው ላይ ጠመም ብሎ ስለተገጠመ አንድ ሰው ከኋላ አንቆ የያዛቸው ይመስላሉ።

ጋሽ ውብሸት ከሥሩ እንደ ሙሽራ አባት ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ።

«ጋሽ ውብሸት... ቤቱ የታለ?»

«የቱ ቤት?»

«የአያቴ! ጭቃ ቤቱ!»

«እሱማ አስቀያሚ ነበር የኔ ልጅ፣ አነሳሁት። ጋቢውም ቆሽሾ ነበር፣ ኮት አለበስኳቸው። እግራቸው ሥር ደግሞ አንዲት የማታምር እንጨት ነበረች፣ እሷንም አጠፋኋት።»

«ችካሏን?!»

«ምን ያስጮህሻል? ታሪክ እኮ ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ነው። ንጹሕ መሆን አለበት።»

ዋናውን ይመልሱልኝ አልኳቸው። ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። አቧራ ነበረበት ብለው በእርጥብ ጨርቅ ወልውለውታል። ቻይናው ደግሞ በተራ ፕሪንተር ነው ያተመው፤ ቀለሙ ፈስሶ አልቋል። አያቴም ቡናማ ጭጋግ፣ ቤቱም ቡናማ ጭጋግ። «ኮምፒውተር ላይ ያለውስ?» አልኩ። ያማረውን እላዩ ላይ ሴቭ አድርገውበታል።

ከዚያ በኋላ ያልተናገርኩት የለም። «ቡልዶዘሩ ይሻላል ከእርስዎ! እሱ ቢያንስ አፍርሶ ሄደ እንጂ ኮት አላለበሰንም!» ሁሉ ብያለሁ። ከኋላዬ የቆሙት ፎቷቸው የተሰቀለ ሽማግሌዎች «ወይ የዛሬ ልጅ!» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንደኛው ሽማግሌ እንደውም እኔ እየጮህኩ መሃል ገብተው «ውብሸት፣ የእኔን ከረባት አረንጓዴ ታደርግልኛለህ?» አሏቸው። እግዜር ያሳያችሁ እስቲ!

አያቴ የገቡት ይሄኔ ነው። ለዚህ ቀን ብለው ጋቢያቸውን አሳጥበዋል። ፎቶው ፊት ሄደው ቆሙ።

«ኩን ኤኙ?» አሉኝ። ይሄ ማነው ማለታቸው ነው።

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«እኔ?» ቀረብ ብለው አዩ። «ከመቼ ወዲህ ነው ፏፏቴ ያለኝ?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ቤቴስ?»

እጄ ላይ ያለውን ጭጋግ አሳየኋቸው። «አልጣልኩትም፣ አባባ...» ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት። ከዚያ ወደ ጋሽ ውብሸት ዞሩ።

«ያቺ ችካል ቤቴን ነቀለችው። እሷን ደግሞ አንተ ነቀልካት።»

«ኦቦ ቱሉ... እኔ እኮ እንዲያምርብዎት ብዬ...»

አያቴ አልሰሟቸውም። ከሸሚዜ ኪስ ቀዩን ስክሪብቶዬን መዘዝ አደረጉ። እኔ አያቴ ስክሪብቶ ሲይዙ አይቼ አላውቅም። ፏፏቴው መሃል፣ ከሚያብለጨልጨው የውሸት ጫማቸው አጠገብ፣ ቀጥ ያለች መስመር አሰመሩ። ደገሟት። እስክትደምቅ ደጋገሟት።

«እዚህ ጋ ነበረች» አሉ።

«ኧረ ኦቦ ቱሉ! ፎቶውን አበላሹት እኮ!»

ጋሽ ውብሸት ናቸው የጮኹት። ሰምታችኋል አይደል... አበላሹት!

ኤግዚቢሽኑ እስከ አርብ ክፍት ነው። የሰበታን ታሪክ ልታዩ ከመጣችሁ ኮቱንም ቪላውንም እለፏቸውና ፏፏቴው ውስጥ የቆመችውን ቀይ መስመር ፈልጉ... ኤዲት ያልተደረገች እሷ ብቻ ናት።